ከሥሩ የገባ ውሃ

ኢቢሴ ነገሩን የሰማችው ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ሳለ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ባለሙያው ሲመጣ ቆሻሻ አግኝቶ ቤቱን እንዳይታዘብ ብላ የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑን ወንፊት ከሆዱ አውጥታ፣ ጥግ ላይ የተጣበቀውን የእንጀራ ፍርፋሪ በጣቷ እየጠረገች ነበር። ከኩሽናው መስኮት ውጭ፣ ልብስ ማስጫው ገመድ ሥር፣ የቤቱ እመቤት ናኦሚ ከታናሽ እህቷ ከኬኔ ጋር በስልክ ታወራለች። "ባለሙያ ጠርተናል፤ ማሽኑ ዛሬ ይሠራል" አለች። "አንቺ ዕቃሽን አዘጋጂ። ኢቢሴን በዚህ ሳምንት ሲሬ፣ ወንድሟ ጋ እንሸኛታለን። ክፍሏን ቀለም አስቀብተን እንጠብቅሻለን።" ከዚያ ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ እህት ለእህቷ የምትስቀው ዓይነት ነው። ኢቢሴ ወንፊቱን ቦታው መለሰች፣ ጠምዝዛ አጠበቀችው፣ በሩን ዘጋች፣ ከዚያ ቀጥላ ምን ልትሠራ እንደነበር ጠፋባት።

እዚህ ቤት፣ ነቀምት ባኬ ጃማ ሰፈር፣ ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች። በአሥራ አራት ዓመቷ ከሲሬ ያመጧት "ትማር" ተብሎ ነው፤ እናቷና የናኦሚ አማት አዴ ድርቤ የአጎት ልጆች ነበሩ። ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ የአዴ ድርቤ ባል ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አለ፤ የሚያነሳቸውና የሚያስተኛቸው ሰው ስላልተገኘ ኢቢሴ ለአንድ ወር ከትምህርት ትቅር ተባለ። ወሩ ሰባት ዓመት ሆነ። ሽማግሌው ሲሞቱ ስለ ትምህርቱ ያነሳ ሰው አልነበረም፤ እሷም ከልጆች ጋር ወንበር መጋራቱ አሳፈራት። ደመወዝ የላትም፣ ሠራተኛ አይደለችማ። የምትተኛው ደግሞ ከኩሽናው ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ነው፣ የቤት ልጅም አይደለችማ። እንግዳ ሲመጣ አዴ ድርቤ ትከሻዋን ይዘው "ይቺ ልጃችን ናት" ይላሉ፤ እንግዳውም ደስ ብሎት የበላበትን ሳህን ያቀብላታል። ሲሬ ያለው ወንድሟ ቀጀላ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ሁለት ክፍል ቤት፣ አምስት ልጆችና አንዲት ሚስት አለው። ለፋሲካ ሄዳ ሦስት ሌሊት አደረች፤ በሦስተኛው ቀን ሚስትየዋ በልጆቹ ፊት "መቼ ነው የምትመለሺው?" ብላ ጠየቀቻት። ኢቢሴ ያን ቀን ከሰዓት አውቶቡስ ተሳፈረች። እና አሁን ኩሽናው መሃል ቆማ ያሰበችው ቀላል ነገር ነው፦ ማሽኑ ከተሠራ ትሄዳለች፤ ካልተሠራ ግን ሳህኑን የሚያጥብ ሰው ያስፈልጋል።

ማሽኑ እዚህ ቤት የገባው ከሦስት ወር በፊት ነበር። ከተማው ውስጥ የነበረ አንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮውን ዘግቶ ሲሄድ ዕቃውን ሸጠ፤ የናኦሚ ባል ገመቺስ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ስለሆነ ወሬው ቀድሞ ደረሰውና፣ አዲሱ ከመቶ ሺህ በላይ የሚያወጣውን ማሽን በአርባ ሁለት ሺህ ብር ገዛው። ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ አየ። ማሽኑ ከሳሙናው ሌላ ጨውም ይፈልጋል ሲባል አንዲት ጎረቤት "በርበሬስ?" ብላ ጠይቃ ቤቱን በሳቅ ገደለችው። የድርጅቱ ምግብ አብሳይ የነበረችው ኢልሃም አብራ መጥታ አያያዙን አሳየች። ሌሎቹ ማሽኑ የት ይቀመጥ እያሉ ሲከራከሩ እሷን ያዳመጠቻት ኢቢሴ ብቻ ነበረች። ወንፊቱን ማታ ማታ እጠቢ አለቻት፤ ውሃ የሚረጩት ክንፎች ቀዳዳቸው ሲደፈን በመርፌ ክፈቺ፤ ቅቤ የበዛበትን ሳህን በወረቀት ሳትጠርጊ አታስገቢ። "ከሁሉም በላይ" አለች ኢልሃም፣ "ከሥሩ ውሃ እንዳይገባ። ከገባ እዚያው ተኝቶ ይቀራል፤ ማሽኑም ሰጠምኩ ብሎ አልሠራም ይላል። ያኔ አትደንግጪ። ሶኬቱን ነቅለሽ፣ ወደ ፊት ጎተት አድርገሽ፣ ወደ ኋላ ጋደም አርጊው። ውሃው ይፈሳል፣ በቃ።" ኢልሃም በሳምንቱ ወደ ዲጋ ሄደች።

ችግሩ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ወደ ሰፈሩ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነው፤ በሌላው ቀን ከሮቶ ነው፣ ሮቶው ደግሞ መሬት ላይ ስለተቀመጠ ግፊት የለውም። ማሽኑ ውሃ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ይቆማል። ስለዚህ ኢቢሴ በሩን ከፍታ በጆግ ትሞላለታለች። ሳህኑን ጠርጋ፣ ለቅለቅ አድርጋ፣ ደርድራ፣ ናኦሚ ከአዲስ አበባ አስመጥታ ለሁለት ለሁለት በቢላ የቆረጠችውን ሳሙና ጨምራ፣ ውሃ ቀድታ ታስጀምረዋለች፤ ሲጨርስ ደግሞ ማሽኑን ታጥባለች። በእጇ ስታጥብ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባት የነበረው ሥራ ማሽኑ እያጠበላት ከሰዓት በላይ ይፈጅባት ነበር። ቢሆንም ወደደችው። በዚህ ቤት ውስጥ ከሁሉም ሰው የበለጠ የምታውቀው ነገር እሱ ብቻ ነበር። ሐሙስ ማታ አንድ ጆግ አብዝታ ውሃው በበሩ ከንፈር ላይ ተርፎ ወደ ሥር ሲወርድ ቀይ መብራት በራ፣ ማሽኑም እየተንጎራጎረ ቆመ። ምን እንደሆነ ወዲያው አወቀች። ወለሉን ወልውላ ልትጎትተው ስትል ገመቺስ ከሳሎን መጣ። "አትንኪው። ባለሙያ ይምጣ" አላት። "ኢልሃም እንዳለችው ከሆነ…" ብላ ስትጀምር "ኢልሃም ምግብ አብሳይ እንጂ መሐንዲስ አይደለችም፤ ዲሲ፣ ተይው" ብሎ የኩሽናውን መብራት አጠፋ። እሷም ተወችው።

ናኦሚ ለኳየር ልምምድ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ገመቺስም ወደ ባንክ ከሄዱ በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ኢቢሴና አዴ ድርቤ ነበሩ። አዴ ድርቤ በረንዳው ላይ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ኢቢሴ አንጮቴ እየላጠች አጠገባቸው ዱካ ላይ ተቀመጠች። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ሲቀመጡ አንዱ ለሌላው የሚናገረው ብዙ አልነበረም፤ ዝምታው ግን ሁልጊዜ ቀሎ ነበር የሚያልፍላቸው። ዛሬ ከበዳት። "ሃርሜ፣ ከሲሬ የደወለ ሰው ነበር?" አለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ፣ እናቴ ብላ ነው የምትጠራቸው። "ማን ይደውላል?" አሉና አዴ ድርቤ አንብበው ያልጨረሱትን ገጽ ገለጡ። ኢቢሴ የአሮጊቷን እጅ አየች። የእኚህን ሴት ጥፍር የምትቆርጠው፣ እግራቸውን የምታጥበው፣ የግፊት ኪኒናቸውን ሰዓት የምትቆጥረው እሷ ናት። ቢያውቁ ኖሮ ይነግሩኝ ነበር ብላ ራሷን አጽናናች። አንጮቴውን ልጣ ጨርሳ ለምሳ ጣደችው።

ባለሙያው ሰማኸኝ አራት ሰዓት ላይ በባጃጅ መጣ። አርባ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው ነው፤ ወላጆቹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው፣ እሱ የተወለደው እዚሁ ነው። መናኸሪያው አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቁ ፍሪጅና ምድጃ ይጠግናል፤ የገመቺስን ባንክ ፍሪጆችና ማቀዝቀዣዎችም የሚያየው እሱ ነው። "አካም ቡልተኒ፣ አዴ" ብሎ አዴ ድርቤን ጎንበስ ብሎ ጨበጣቸው። ኩሽና ገብቶ ማሽኑን ሲያይ ግን ትንሽ ፈራ። "እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ የልብስ ማጠቢያ ስንቱን ሠርቻለሁ፣ ይኼኛውን ግን ስነካው የመጀመሪያዬ ነው" አላት ኢቢሴን። "ትናንት ቪዲዮ ሳይ አመሸሁ።" ኢቢሴ ሰውየውን ወደደችው፤ ይህም ነገሩን አባሰባት። ብሎኖቹን እንዳይጠፉበት ሳህን አቀረበችለት። የውሃ መግቢያውን ቱቦ ፈትቶ ነፋው፣ ወንፊቱን አውጥቶ "ይኼ እኮ ንጹሕ ነው፣ ባለቤት ያለው ዕቃ ነው" አለ። የበሩን ሽፋን ፈታ፣ ሽቦዎቹን በመለኪያው አንድ በአንድ ነካ። ማሽኑ ከሥር መንጎራጎሩን አላቆመም። ሰማኸኝ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማና እጁን ጠርጎ ቀና አለ።

"ከመቆሙ በፊት ከሥሩ ውሃ ፈሶ ነበር?"

ኢቢሴ ለመመለስ የፈጀባት ጊዜ ሰማኸኝ ብሎን አንስቶ እስኪያስቀምጥ ያህል ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ የቀጀላን ሚስት አየች፤ ልጆቹ ተጠጋግተው የሚተኙበትን ፍራሽ አየች፤ ራሷንም በሰላሳ ስድስት ዓመቷ በሰው ቤት ግድግዳ ሥር ፌስታሏን ይዛ ቆማ አየች። በሕይወቷ ዋሽታ አታውቅም ማለት አይቻልም፤ እንዲህ ያለ ውሸት ግን፣ ዓይን ለዓይን፣ ለማያውቃት ደግ ሰው፣ ዋሽታ አታውቅም።

"አላየሁም" አለች።

"ጠብታም?"

"ጠብታም።"

ዞር ስትል አዴ ድርቤ ከዘራቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል። ሐሙስ ማታ ወለሉን ስትወለውል "ተንሸራተሽ እንዳትወድቂ" ያሏት እሳቸው ነበሩ። አሁን ግን አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ኢቢሴን ትኩር ብለው አይተው ወደ በረንዳቸው ተመለሱ። ኢቢሴ ልቧ ቀለጠ። ለእኔ ብለው ነው ዝም ያሉት አለች በሆዷ፤ ሃርሜ አልጣሉኝም። ሰማኸኝ መልሱን አምኖ ሥሩን ሳያይ ወደ በሩ ሽፋን ተመለሰ። አንድ ሰዓት ተኩል ለፋ። በመጨረሻ ላቡን በክንዱ ጠርጎ፣ ችግሩ ማሽኑን ከሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ሳይሆን አይቀርም፣ ካርዱም ከአዲስ አበባ ካልተገኘ እዚህ አይገኝም አለ።

ገመቺስ ለምሳ ሲመጣ ያገኘው በሩ የተፈታ ማሽንና "መሰለኝ" የሚል ባለሙያ ነው። ገመቺስ ጮኾ የሚናገር ሰው አይደለም፤ ባንክ ውስጥ ብድር ሲከለክል በሚናገርበት ድምፅ ነው የተናገረው። "መሰለኝ ምንድነው? ሥራህ በመሰለኝ ነው እንዴ?" አለ። ሰማኸኝ ማሽኑን ከነካ በኋላ የባሰ እንዳልተበላሸ፣ ገንዘብም እንደማይቀበል አስረዳ። "የገንዘብ ነገር አይደለም" አለ ገመቺስ፤ "ያላወቅከውን አላውቅም ማለት ነበረብህ። የማታውቀውን ዕቃ ከፈታህ የቢሮውንም እንዲሁ ነው የምታደርገው። ሰኞ ለቅርንጫፉ ሌላ ሰው እንፈልጋለን።" ለሰማኸኝ የባንኩ ሥራ የሱቁ ኪራይ እንደሆነ ኢቢሴ አታውቅም ነበር፤ ፊቱን አይታ ግን አወቀች። በዚያች ደቂቃ አንዲት ቃል ብትናገር ኖሮ። የብሎኖቹን ሳህን ወደ እሱ አስጠጋችለት። ሰማኸኝ የበሩን ሽፋን በጥንቃቄ መልሶ ገጠመ፣ ዕቃውን ሰበሰበ፣ እጁ ቅባት ስለነካው ክርኑን ዘርግቶ ተሰናበታት። "በይ በርቺ እህቴ፤ ለጊዜው ሥራው አንቺው ላይ ወደቀ" አላት። ለእሷ ማዘኑ ነበር።

ምሳው ተበላ። አንጮቴው በቅቤ ነበር፣ ሁሉም ጣፈጣቸው፣ ገመቺስ ደገመ። ኢቢሴ ሳህኖቹን ሰብስባ ሳፋ ውስጥ በሞቀ ውሃ ነከረችና ማጠብ ጀመረች። ቅቤ የነካው ሳህን እንዴት እንደሚያስቸግር ማሽኑ አስረስቷት ነበር። ቢሆንም ቀስ ብላ፣ አንዱን ሳህን ሦስት ጊዜ እያገላበጠች አጠበች፤ ሥራው ባያልቅ በወደደች። ደስ ብሏታል። ደስታዋ ግን የተሰረቀ ዕቃ ዓይነት ነበር፣ የምታስቀምጥበት ቦታ አጣችለት። የሰማኸኝ ክርን ዓይኗ ላይ መጣባት። ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ፣ ሌላ ሥራ ስጠው ብላ ጸለየች፤ ከዚያ ደግሞ ማሽኑ ግን እንዲህ ይቆይ ብላ ልትጨምር ስትል አፍራ ተወችው። ሳህኖቹን አድርቃ ደረደረች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናብ መጥቶ ቆርቆሮውን ደበደበው፣ አሥር ተኩል ላይ አባራ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ናኦሚ ከሳሎን ጠራቻት። ሻይ ተቀድቷል፤ ለኢቢሴም ስኒ ቀርቦላታል፤ ይህ ያልተለመደ ነገር ነው። ገመቺስ ሶፋው ላይ ስልኩን ያያል፣ አዴ ድርቤ በወንበራቸው ላይ አሉ። ከጠረጴዛው አጠገብ ጎማ ያለው ሰማያዊ ሻንጣ ቆሟል፤ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ብር የሚል ወረቀት እጀታው ላይ ተንጠልጥሎበታል። ናኦሚ ሰውን ማስከፋት የማትወድ ሴት ናት፤ ነገሩን በደንብ አስባበት ነበር የመጣችው። ኬኔ እዚሁ ነቀምት ያለው ዩኒቨርሲቲ እንደደረሳት፣ ዶርሙ እንዳልተስማማት ተናገረች። "አንቺም ብትሆኚ ዕድሜሽ እዚህ አለቀ" አለች፤ "ወንድምሽ ጋ ብትሆኚ የራስሽን ነገር ትጀምሪያለሽ። ገመቺስ ቀጀላን አናግሮታል፤ ነገ ይጠብቅሻል። ሻንጣውንም ያን ጊዜ ነው የገዛልሽ።"

"መቼ?" አለች ኢቢሴ።

"የዛሬ ወር፣ አዲስ አበባ ሲሄድ።"

ኢቢሴ ሻንጣውን አየች። ከወር በፊት ማሽኑ ደህና ነበር፤ እሷም ክንፎቹን በመርፌ እየከፈተች፣ የበሩን ጎማ እየወለወለች በየማታው ታስጀምረው ነበር። "ማሽኑ ሳይሠራስ?" አለች። ድምፅዋ ለራሷም የልጅ ድምፅ መሰላት።

ናኦሚ ከልቧ ግራ ተጋባች። "ማሽኑን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ቢሠራም ባይሠራም እኮ ያው ነው። ካልሆነ እኔና ኬኔ እናጥባለን፤ ሳህን ማጠብ ምን ይከብዳል?"

ኢቢሴ ወደ አዴ ድርቤ ዞረች። "ሃርሜ፣ ያውቁ ነበር?" አለች። አዴ ድርቤ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉ፣ ፈቱ፣ እንደገና ጠቀለሉ። "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ" አሉ በመጨረሻ፣ "እኔስ እዚህ ምን ሥልጣን አለኝ? ቤቱ የልጄ ነው።" ጠዋት በሩ ላይ ቆመው ያዩዋት ያለቀ ነገር ላይ እንደምትለፋ እያወቁ ነበር ማለት ነው። ኢቢሴ ይህን ስታውቅ ማልቀስ ፈልጋ እንባው እንቢ አላት። የጮኸም የተቆጣም ሰው አልነበረም። ገመቺስ ሻዩን ጠጣ።

ተነስታ ወደ ኩሽና ገባች። ሶኬቱን ነቀለች፣ ማሽኑን በሁለት እጇ ይዛ እያወዛወዘች ከቁምሳጥኖቹ መሃል ወደ ፊት ጎተተችው፣ ጉልበቷን አስደግፋ ወደ ኋላ አጋደመችው። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ የሐሙሱ ውሃ፣ ሳሙና የሸተተ፣ የደፈረሰ፣ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ እስከ ሳሎኑ በር ሄደ። ጠብታው እስኪያቆም ይዛው ቆየች። አቁማ ስትሰካው ቀዩ መብራት ጠፋ፣ መንጎራጎሩም ቆመ። በሩ ላይ ገመቺስና ናኦሚ ቆመው ያያሉ። "ሐሙስ ከሥሩ ውሃ ገብቶ ነው" አለች ኢቢሴ ሳታያቸው። "ሰውየው ጠይቆኝ ነበር፣ ዋሸሁት። ገመቺስ፣ ማሎ፣ እባክህ ደውልለት። እሱ አላጠፋም፣ እኔ ነኝ።" ገመቺስ ማሽኑን በእግሩ ጫፍ ነካ አደረገው። "ዲሲ፣ ተሠራ አይደል?" አለ። "እሺ፣ ስልክ ቁጥሩን ስጠኝና እኔ ልንገረው" አለች ኢቢሴ። "ምን ብለሽ? የቤታችንን ገመና ልታወጪ? ሰኞ ይታሰብበታል" ብሎ ውሃውን ተራምዶ ሄደ። ሰኞ እንደማይታሰብበት ሁለቱም ያውቁ ነበር። እሷ ሰኞ ሲሬ ናት።

ናኦሚ ግን አልሄደችም። ማሽኑን ከፍታ ዘጋች፣ ቁልፉን ተጭና ድምፁን ሰማች፣ ፊቷ በራ። ከዚያ ስልኳን ከኪሷ አወጣች። "ኢቢሴ፣ እስኪ አንዴ ድገሚው፣ ልቅረጸው" አለች። "አንቺ ከሄድሽ ማን ያውቅልናል? ለኬኔ እልክላታለሁ።" ኢቢሴ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። እንቢ ማለት እንደሚቻል አሰበች፤ እንቢ ብላ ግን ከዚያ የት እንደምትሄድ አላወቀችም። ነጠላዋን ልታስተካክል ስትል ናኦሚ ፈገግ አለች፣ "አታስቢ፣ ፊትሽን አላስገባም። እጅሽን ብቻ ነው" አለቻት።

"መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ" አለች ኢቢሴ፣ ነቀለችም። "ከዚያ ወደ ፊት ጎተት አድርጋችሁ…" ድምፅዋ እዚያ ላይ ተቆረጠ።

"ቆይ፣ ድምፅሽ አልተሰማም" አለች ናኦሚ። "ከመጀመሪያው።"

ኢቢሴ ሶኬቱን መልሳ ሰካችና እንደገና ነቀለች።